እርማት፦ ላብ ስለወጣ ምች ነበር ማለት አይደለም

«ራስ ምታቱ ትኩሳት ካለው ምች ነው፤ ዳማከሴ ጠጥቶ ተሸፋፍኖ መተኛት ነው፣ ላብ ሲያጠምቅ ይለቃል» የሚለው ምክር ወባ ላለበት ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ሰው አደገኛ ነው። ዳማከሴው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ላቡን እንደ መዳን መቁጠሩ ላይ ነው። የወባ ትኩሳት መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ያተኩሳል፣ በመጨረሻም በላብ ይወርዳል፤ ዳማከሴ ተጠጣም አልተጠጣም። የወባው ተሕዋስ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተባዝቶ ሕዋሱን ሲያፈነዳ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ ቫይቫክስ በተባለው የወባ ዓይነት ብዙ ጊዜ በየ48 ሰዓቱ። «ለቀቀኝ» የሚያሰኘው በመሐል ያለው ቀን ነው። ፋልሲፓረም የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ግን ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊከፋ ይችላል።

ስለዚህ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ራስ ምታትና ትኩሳት አብረው ከመጡ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም መመርመር ነው። የጣት ደም ፈጣን ምርመራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ወባውን አይነካም፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ከታዘዘ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል (በጾምም ዘይት ያለው ወጥ ይሆናል)። ራስ ምታቱ ስለተሻለው ብቻ በሁለተኛው ቀን የሚያቆም አለ፤ በሽታው የሚያገረሽበትም እሱ ነው።

ምርመራው «ወባ የለም» ቢልም እንኳ አንገት ደርቆ አልታጠፍ ካለ፣ ሰውየው ከተወናበደ፣ አንድ ጎኑ ከደከመ ወይም ሕመሙ በድንገት ከበረታ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። ከ20 ሳምንት ያለፈች ነፍሰ ጡር ራሷን እያመማት ዓይኗ ብዥ ካለ ደግሞ የደም ግፊቷ ዛሬውኑ ይለካ።