«ቦሮው» ለዕቃ፣ «ሌንድ» ለገንዘብ አይደለም

ሰላም ወገኖች። በእንግሊዝኛ «ቦሮው» (borrow) ዕቃ መዋስ ነው፣ «ሌንድ» (lend) ደግሞ ገንዘብ መበደር ነው የሚል ነገር ብዙዎቻችሁ ስትጽፉ ስላየሁ ነው። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ጎጃም ውስጥ ወንፊት ከጎረቤት እንዋሳለን፣ ጤፍ ግን እንበደራለን። ወንፊቱ ራሱ ተመልሶ ይሄዳል፤ ጤፉ ተፈጭቶ ተጋግሮ ተበልቶ፣ አዲሱ እህል ሲገባ በሌላ ጤፍ ይከፈላል። አማርኛችን ይህን ስለሚለይ እንግሊዝኛውም እንዲሁ የሚለይ ይመስለናል።

እሱ ግን የሚለየው አቅጣጫውን ነው። የሚቀበለው «ቦሮው» ያደርጋል፣ የሚሰጠው «ሌንድ»። በቃ። ወንፊትም ይሁን ጤፍ ወይም 500 ብር ለውጥ የለውም። ስለዚህ መዋስም መበደርም «ቦሮው» ነው፤ ማዋስም ማበደርም «ሌንድ»። ባንክ ለቡሬ ገበሬ «ሌንድ» ሲያደርግ፣ ገበሬው ያንኑ ብር ከባንኩ «ቦሮው» አደረገ ማለት ነው።

ማረጋገጥ የፈለገ መዝገበ ቃላት ይክፈትና ምሳሌዎቹን ይይ። ከ«ቦሮው» ጋር ብዙ ጊዜ «ፍሮም» ያገኛል፣ ከ«ሌንድ» ጋር «ቱ»። የእኛ «ከ» እና «ለ» ናቸው።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ተማሪ ብር ቸግሮት የውጭ አገር መምህሩን «አይ ዋንት ቱ ሌንድ 100 ብር» ቢለው፣ መምህሩ የሚሰማው «100 ብር ማበደር እፈልጋለሁ» የሚል ነው። ልጁ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ መምህሩም ይጠብቃል።