ፈረሱ ደስተኛ ነው ተባለ

ታላቅ የፈረስ እሽቅድምድም በተቃረበ ቁጥር የአንድ ጋጣ አሠልጣኝ ድምፅ መቅጃ ፊት ቆመው ስለ ፈረሶቻቸው ተስፋ መግለጫ መስጠታቸው የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም ይህን ልማድ በትዕግሥት ችዬው ኖሬአለሁ። ሰሞኑን የሰማሁት መግለጫ ግን ከትዕግሥቴ በላይ ሆነ። አሠልጣኙ በፍጹም እርጋታ «ፈረሱ ደስተኛ ነው» አሉ። በዚህም ሳያበቁ፣ ሜዳው ከተስማማው፣ የመነሻ በሩ ዕጣ ከቀናው፣ ሩጫው እርሱ በሚወደው ፍጥነት ከተጀመረና ዕድልም ጥቂት ከረዳቸው ፈረሱ እንደማያሳፍራቸው ያላቸውን እምነት ገለጹ። ጋዜጠኛውም ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ ስለ ግልጽነታቸው አመሰገናቸው።

እስቲ ይህን ግልጽነት እንመርምረው። ፈረሱ ካሸነፈ አሠልጣኙ አስቀድመው ተናግረዋል። ከተሸነፈም አስቀድመው ተናግረዋል፤ ከደረደሯቸው ቅድመ ሁኔታዎች መካከል አንዱ ሳይሟላ መቅረቱ አይቀርምና። እንዲህ ያለው መግለጫ ትንቢት ሊባል አይችልም። ገና ካልተሠራ ጥፋት አስቀድሞ የተቆረጠ የነጻነት ወረቀት ነው።

በሐቅ ለመናገር ቅድመ ሁኔታዎቹ ከባዶ የመጡ አይደሉም። ዝናብ ያለሰለሰው ሣር ለአንዱ ፈረስ ሲመቸው የሌላውን ጉልበት ይበላል፤ ደረቅና ጠንካራ መሬት ደግሞ የመጀመሪያውን ፈረስ እግር ያሰስታል። በ1,200 ሜትር ርቀት ማንም የማይደርስበት ፈረስ በ2,400 ሜትር ውድድር ላይ ገና ማብቂያው ሳይታይ ትንፋሹ ሊያልቅ ይችላል። እንደ አሜሪካው ኬንታኪ ደርቢ እስከ 20 ፈረሶች በአንድ ጊዜ በሚለቀቁበት ሩጫ ከዳርና ከዳር የሚገኝ የመነሻ በር እውነተኛ መከራ ነው። በዚህ ላይ እንደ አውስትራሊያው ሜልበርን ካፕ ወይም እንደ እንግሊዙ ግራንድ ናሽናል ባሉት ውድድሮች፣ ለዚሁ ሥራ የተመደበ ባለሙያ የፈረሶቹን ያለፈ ውጤት አገላብጦ ለጎበዙ ከባድ፣ ለደካማው ቀላል ክብደት ይደለድላል። ጉብዝና በኪሎ በሚያስቀጣበት ሙያ ውስጥ ያረጀ ሰው ስለ ፈረሱ ሲጠየቅ አንገቱን ቢደፋ አይፈረድበትም። የእኔ ቅሬታ በደስታው ላይ ነው። ማን ጠየቀው? አጃውን ጨርሶ መብላቱን፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ማቆሙን፣ ጠጉሩ ማብረቅረቁን ተመልክተው ከሆነ እነዚህኑ ቢነግሩን እኛ ራሳችን የመሰለንን እንደመድም ነበር። አብዛኛውን ቀኑን በአንዲት ጠባብ ጋጣ ውስጥ ቆሞ የሚያሳልፍ እንስሳ ስለ ስሜቱ ቃል አቀባይ የሾመ አይመስለኝም።

በአማርኛ ከምወዳቸው አባባሎች ሁሉ አንደኛው «ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው» የሚለው ነው። ሥልጣን ቢኖረኝ በየጋጣው መግቢያ ላይ በትልልቅ ፊደል አስቀርጸው ነበር። ውበቱ ቅድመ ሁኔታ የሌለው መሆኑ ነው። ሜዳው ቢርስም፣ በሩ ባይቀናም፣ ነፋሱ ቢዞርም አይልም። ፎካሪውን አፉን አዘግቶ ኮርቻው ላይ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ኮቴ ነው።

የዚህ አባባል ትልቁ ምስክር፣ እኔ እስከማውቀው፣ ፎይናቨን የተባለው ፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በእንግሊዝ አገር በኤይንትሪ በተካሄደው ግራንድ ናሽናል ላይ የዚህ ፈረስ ተስፋ እጅግ ከመመንመኑ የተነሣ ባለቤቱም አሠልጣኙም በቦታው አልተገኙም ነበር። ሃያ ሦስተኛው መሰናክል ላይ ሲደረስ ጋላቢውን የጣለ አንድ ፈረስ በድንገት ወደ ጎን ታጥፎ የመጪዎቹን መንገድ ዘጋ። ፈረስ በፈረስ ላይ ተደራረበ፣ ጋላቢዎችም እንደ በሰለ ፍሬ ረገፉ። ፎይናቨን እጅግ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበርና ሲደርስ ነገሩን አይቶ ለመዞር ጊዜ አገኘ፤ በአንዲት ክፍተት ዘሎ ወጣና አንድ ለመቶ ግምት እንደተሰጠው አሸነፈ። ያ መሰናክል ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ዕለቱን ስለ ጋጣው ተስፋ የሚናገር ሰው ሜዳው ላይ አለመኖሩን ነው።

ተስፋው በእርግጥ የደመቀ ጋጣም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዙ ኤፕሰም ደርቢ፣ የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ በሚሳተፉበት ውድድር፣ ራኒንግ ሬን የተባለ ፈረስ ሁሉንም ቀድሞ ገባ። በኋላ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሲጣራ ፈረሱ በሌላ ስም የሚታወቅ የአራት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ። ድሉም ተነጥቆ ኦርላንዶ ለተባለው ሁለተኛ ተሰጠ። የዚያ ጋጣ ሰዎች ስለ ሜዳው መራስና መድረቅ ብዙም የተጨነቁ አይመስለኝም፤ እድሜ የሚያህል ቅድመ ሁኔታ አስቀድመው አሟልተው ነበርና።

ከመግለጫው ይልቅ የሚብሰው ግን መግለጫውን ተሸክሞ የሚዞረው ሰው ነው። እያንዳንዳችን እንዲህ ያለ አንድ ወዳጅ አለን። ራሱ ፈረስ የለውም፣ ልጓም ጨብጦም አያውቅም፤ አንድ ፈረስ ባነጠሰ ጊዜ ግን «ጋጣችን ጉንፋን ገብቶበታል» ብሎ ከልቡ ያዝናል። ዕለቱ ሲቃረብ ክንዳችሁን ይዞ ወደ ጥግ ይወስዳችኋል፤ ግራና ቀኙን ከቃኘ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከውስጥ ካለ ሰው የሰማሁት ነውና ለማንም እንዳትናገሩ» ይላችኋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው ሄዶ የእርሱን ክንድ ይይዛል። የሚያንሾካሹከው ነገር አሠልጣኙ ለሕዝብ በይፋ የተናገሩት ያው የደስታ ዜና መሆኑን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

ከዚህ ሰው ጋር ያለኝ ቂም የቆየ ነው፤ ምክንያት ሳይኖረኝም አልቀየምኩትም። የተወራራጆች ገንዘብ በአንድ ቋት ተጠራቅሞ ድርጅቱ ድርሻውን ካነሣ በኋላ ቀሪው ለአሸናፊዎች በሚከፋፈልበት አሠራር፣ አንድን ፈረስ የመረጠው ሰው በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይሳሳል። ስለዚህ ምስጢር ነው የተባለው ወሬ ለሺህ ጆሮ ሲደርስ፣ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ሐሰት ከሆነ ግን የሚያከስረው ሙሉውን ነው። ወዳጃችን ይህን ሒሳብ ሲነግሩት ይከፋዋል። ፈረሱ ስድስተኛ ሲወጣ ለሳምንት ያህል ከዓይን ይሰወራል፤ ሲያሸንፍ ደግሞ ያንሾካሾከልንን ምክር ሁሉ በአደባባይ በታላቅ ድምፅ ይደግመዋል።

ከሽንፈት በኋላ የሚጀመረው የምክንያት ፍለጋም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፈረስ የጠፋው ኮርቻ ይገለብጣል እንደተባለው፣ ተሸናፊው ጋጣ መጀመሪያ ሜዳውን፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ ነፋሱን ይገለብጣል። ምንም ካልተገኘ ጋላቢው አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ባለቤቱን መውቀስ ሥራ ያሳጣል፣ ፈረሱን መውቀስ ዋጋውን ያወርደዋል፣ ስለዚህ ዱላው ክብደቱን ለመጠበቅ ሲል ግማሽ ሆዱን በልቶ በሚኖረው ምስኪን ሰው ላይ ያርፋል። ለአንዳንዱ ሽንፈት በእርግጥ ምክንያት አይገኝለትም። እ.ኤ.አ. በ1956 የእንግሊዝ ንግሥት እናት ንብረት የነበረው ዴቨን ሎክ ግራንድ ናሽናልን ሊያሸንፍ ጥቂት አሥር ሜትሮች ሲቀሩት፣ ማንም ሳይነካው፣ በገላጣ ሜዳ ላይ በሆዱ ተዘረጋ። የጡንቻ መኮማተር ነው፣ የሕዝቡ ጩኸት አስደንግጦት ነው፣ ጥላ አይቶ መሰናክል መስሎት ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ፈረሱ ወዲያው ተነሥቶ በደህና ሄደ፤ መግለጫም አልሰጠም።

እስካሁን የቀለድኩት ቀልድ የማይሆንበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የኬንታኪ ደርቢ ቀን ጠዋት፣ ቀዳሚው የአሸናፊነት ግምት የተሰጠው ፎርቴ፣ በፊት እግሩ ኮቴ ላይ በታየ ጉዳት ምክንያት በግዛቱ የእንስሳት ሐኪም ውሳኔ ከውድድሩ ወጣ። በዚያው የጸደይ ወቅት ደርቢው በሚካሄድበት በቸርችል ዳውንስ ሜዳ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ 12 ፈረሶች ሞቱና የቀረው የወቅቱ ውድድር ኤሊስ ፓርክ ወደሚባል ሌላ ሜዳ እንዲዛወር ተደረገ። አሥራ ሁለቱም ከየጋጣቸው የወጡ፣ እያንዳንዳቸውም ስለ ተስፋቸው የሚናገርላቸው ሰው የነበራቸው ፈረሶች ነበሩ። ፈረስ እግሩን ሲያመው ለጋዜጠኛ አይናገርም፤ የሚናገርለት ሐኪም ነው፣ ሐኪሙም የሚናገረው ሲጠየቅ ነው። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው አሠልጣኙን ነው፤ አሠልጣኙም ደመወዛቸው የሚከፈለው ፈረሱ እንዲሮጥ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል «ደስተኛ» ብሎ ማለፍ ከቸልተኝነት በላይ ነው፤ ለእኔ ነውር ነው።

መግለጫዋ ሙሉ በሙሉ ሊታመን የሚችል አንዲት ፈረስ ትዝ ትለኛለች፤ እርሷም የጃፓኗ ሐሩ ኡራራ ናት። 113 ጊዜ ሮጣ 113 ጊዜ ተሸነፈች፤ ሕዝቡም በዚሁ ወደዳት። እንደማታሸንፍ እያወቀ የሚወራረድባት ሰው በዛ፤ የተሸነፈችበትን የውርርድ ወረቀት ከመኪና አደጋ ይጠብቀኛል ብሎ እንደ ክታብ የሚይዝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የአገሪቱ ስመ ጥር ጋላቢ ዩታካ ታኬ ራሱ ጋለባት፤ ከ11 ፈረሶች 10ኛ ወጣች። የመነሻ በሩ ቢቀናትም ባይቀናትም፣ ሜዳው ቢርስም ቢደርቅም፣ የጋጣዋ ተስፋ ያው ነበር።

ወደ ተነሣሁበት መግለጫ ልመለስ፤ ውድድሩ ደርሷልና ጊዜ የለም። አሠልጣኙ ዝም ይበሉ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ባለቤቶቹም ተወራራጆቹም አንድ ነገር መስማት ይሻሉ። ጋዜጠኛው ግን ስለ ደስታው መጠየቁን ትቶ፣ ፈረሱን በዚህ ሳምንት የመረመረው ሐኪም ማን እንደሆነ፣ አራቱም እግሮቹ ተዳስሰው እንደሆነ፣ መርፌ የተወጋ እንደሆነም መቼና ለምን እንደተወጋ ቢጠይቅ፣ መልሱ ባይገኝ እንኳ ዝምታው ከመግለጫው የበለጠ ያስረዳን ነበር። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ጋጣ በር እንዲገባ ይፈቀድለት እንደሆነ ግን ዋስ አልሆንም።