ውዳሴ ነቄ

ቦምቡ የፈነዳው ገና አሁን ነው። ጭሱ አልጠራም። አምቡላንሶቹ መንገድ ላይ ናቸው። ፖሊስ ስንት ሰው እንደሞተ እንኳ አያውቅም፤ ማን እንዳፈነዳውማ ጭራሽ። አንድ ሰው ግን ያውቃል። ፍንዳታው ከደረሰበት ከተማ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ጋደም ብሎ፣ ስልኩን ይዞ ምርመራውን ጨርሷል። ፋይሉን ዘግቷል። «ራሳቸው ናቸው ያደረጉት...» ብሎ ለጥፏል። መጨረሻ ላይ ያሉት ነጥቦች የጣት ስህተት እንዳይመስሏችሁ። «የማውቀውን ሁሉ ብነግራችሁ አትችሉትም» ማለት ናቸው።

ይህ ሰው ነቄ ይባላል። እኛ ተኝተናል፣ እሱ ነቅቷል። ብዙዎች ሲያሾፉበት እንጂ ሲያመሰግኑት ሰምቼ አላውቅም። ግፍ ነው። ሽብር በደረሰ ቁጥር ያለ ደመወዝ፣ ያለ ሥልጠና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያለ ማስረጃ የሚሠራ ሰው ምስጋና ቢያንሰው ነው።

ፍጥነቱን ብቻ እንይ። የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃትን እንዲመረምር የአሜሪካ ኮሚሽን የተቋቋመው ከጥቃቱ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ከዚያም በ10 አገሮች ከ1,200 በላይ ሰዎችን አነጋገረ። ከ2.5 ሚሊዮን ገጽ በላይ ሰነድ አገላበጠ። ሪፖርቱ የወጣው በጁላይ 2004 ነው። ምን የሚሉት መንቀርፈፍ ነው? ነቄ ይህንኑ ሥራ በአንዲት አጭር ቪዲዮ ይገላገለዋል። ያውም ከጀርባዋ ልብ የሚያርድ ሙዚቃ አላት። የኮሚሽኑ ሪፖርት ሙዚቃ የለውም። ማን ያነበዋል?

ዓይኑም ዓይን ነው። ለምሳሌ «የአውሮፕላን ነዳጅ ብረት አያቀልጥም» የሚለው ግኝቱ ዓለምን አዳርሷል። ልክ ነው፣ አያቀልጥም። ብረት የሚቀልጠው 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሕንፃ ቃጠሎ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ችግሩ የመረመሩት መሐንዲሶች አውሮፕላኖች የተላተሙባቸው የኒው ዮርክ መንትዮቹ ሕንፃዎች የወደቁት ብረቱ ስለቀለጠ ነው አለማለታቸው ነው። ብረት 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጥንካሬው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የላይኞቹን ፎቆች ሁሉ የተሸከመ ብረት፣ ያውም በግጭቱ ብዙ ምሰሶዎች ተቆርጠውበት፣ ለመውደቅ መቅለጥ አያስፈልገውም፤ መድከም ይበቃዋል። እንግዲህ ነቄ ያፈረሰው ማንም ያልተናገረውን ነገር ነው። እስኪ እናንተ ሞክሩት። ማንም ያላለውን ነገር ማፍረስ ቀላል ችሎታ አይደለም።

ከመንትዮቹ አጠገብ የነበረው ሰባተኛው ሕንፃ ደግሞ አለ። በዚያው ቀን አመሻሽ፣ 11 ሰዓት ከ20 ላይ ወደቀ። የቢቢሲ ዘጋቢ ግን ሕንፃው ከመውደቁ ሃያ ደቂቃ ገደማ ቀደም ብላ «ወድቋል» ብላ በቀጥታ ሥርጭት ተናገረች። ሕንፃው ከጀርባዋ ቆሞ ይታያል! ተራ ሰው ይህን ሲያይ የሚያስበው ተራ ነገር ነው። እሳት አደጋ ሠራተኞች ሕንፃው ይወድቃል ብለው ከሰዓት በኋላ አካባቢውን ሲያስለቅቁ ነበር፤ በዚያ ቀን ግርግር ውስጥ «ሊወድቅ ነው» የሚለው ወሬ ከአፍ አፍ ሲዞር «ወድቋል» ሆነ ይላል። ነቄ እንዲህ ባለ ተራ ነገር አይሸወድም። እንደ እሱ ግንዛቤ፣ ሴረኞቹ የዘመኑን ትልቁን ምስጢር ለዓመታት አፍነው ያዙ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ተባባሪዎችን አፍ አስያዙ፣ ከዚያ በመጨረሻዋ ሰዓት ዝርዝሩን ለአንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ላኩላት። ሰዓቱን ግን ሳይነግሯት ረሱ።

ለገዳዮቹ ያለው አክብሮትም አይዘለል። በጃንዋሪ 2015 ፓሪስ ውስጥ የሻርሊ ኤብዶ ጋዜጣ ቢሮ ላይ ታጣቂዎች 12 ሰዎች ገደሉ። ባመለጡበት መኪና ውስጥ የአንዱ መታወቂያ ተገኘ። ነቄ ወዲያው ባነነ። «ሽብርተኛ መታወቂያውን ጥሎ ይሄዳል?» እውነቱን ነው። ሰው መግደል የሚችል ሰው ዕቃ አይረሳም። ነፍሰ ገዳይነት ትልቅ ጥንቃቄና ንጽሕና የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን ያልተረዳነው እኛ ነን። የመኪናዋ የጎን መስታወትም አንዴ ነጭ፣ አንዴ ጥቁር ሆኖ ታየ፤ ስለዚህ መኪኖቹ ሁለት ናቸው ተባለ። የመስታወቱ ሽፋን የሚያብለጨልጭ ኒኬል መሰል ነገር እንደሆነና እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ቀለም መልሶ እንደሚያሳይ የተናገሩ ነበሩ። ማን ሰማቸው?

አንዳንድ ምሁራን በነቄ ይቀናሉ። ጄኒፈር ዊትሰንና አዳም ጋሊንስኪ በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ሰዎችን ነገሮች ከቁጥጥራቸው ውጭ የሆኑ እንዲመስላቸው ካደረጉ በኋላ ዝንጉርጉር ነጠብጣብ የሞላባቸው ሥዕሎች አሳዩአቸው። ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹ ምንም ነገር አልነበረባቸውም። ቁጥጥር ያጡት ሰዎች ግን ምንም በሌለበት ነገር አዩ። በሴራ ለማመንም ይበልጥ ዝግጁ ሆነው ተገኙ። ከሽብር ጥቃት በኋላ ደግሞ ከቁጥጥር ውጭ ያልሆነ ምን አለ? ባቡር የሚሳፈር፣ ኮንሰርት የሚሄድ ሰው ሁሉ «እኔ ብሆንስ ኖሮ?» ይላል። በሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት 19 ሰዎች ስለትና የአውሮፕላን ቲኬት ይዘው ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ገደሉ። ይህ ለአእምሮ አይመችም። ሒሳቡ አይመጣጠንም። ትልቅ ለቅሶ ትልቅ ገዳይ ይፈልጋል። መሪውን የጨበጠ ክፉ ሹፌር መኖሩ፣ መሪው ላይ ማንም ከሌለበት መኪና ይሻላል።

ስለዚህ ነቄ የሚፈራ ሰው ነው ይላሉ ምሁራኑ። እሱ የሚፈራ? ራሱን ልዩ አድርጎ የሚያይም ነው ይሉታል። እሱስ ልዩ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ለመንግሥት የዋለው ውለታ ነው። አፉን ሲከፍት መንግሥትን ይረግማል። በምድር ላይ ግን እንደ እሱ መንግሥትን ያከበረ የለም። የሴፕቴምበር 11ዱን ነገር በደንብ ካያችሁት እውነተኛው ቅሌት ፍጹም አሰልቺ ነው። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ከአውሮፕላን ጠላፊዎቹ መካከል ሁለቱን ቀድሞ ያውቃቸው ነበር። አሜሪካ ከገቡ ወራት ተቆጥረዋል። መረጃውን ግን ለአገር ውስጡ መርማሪ ለኤፍቢአይ በጊዜ አላካፈለም። በኦገስት 6 ቀን 2001 ደግሞ ቢን ላደን አሜሪካ ውስጥ ጥቃት ለማድረስ መቁረጡን የሚገልጽ ጽሑፍ ለፕሬዚዳንቱ ቀርቧል። አለመነጋገር፣ አለመደማመጥ፣ የቢሮ ፉክክር፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ወረቀት። ይህን የሚጠይቅ ሕዝብ ባለሥልጣንን እንቅልፍ ይነሳዋል። ቸልተኛ ነበርክ ቢሉት ከወንበሩ ይነሳል። ስውር የዓለም መንግሥት ትመራለህ ቢሉት ግን ይስቃል፤ ጠያቂዎቹን ሁሉ ከእብድ ደምሮ ያልፋል። ነቄ ሰነፉን ሹም በአንድ ሌሊት ሁሉን አዋቂ፣ ሁሉን ቻይ አደረገው። ፋይል መፈለግ ያቃተው መሥሪያ ቤት በሺህ የሚቆጠር ምስጢረኛ አደራጅቶ አንድም ሰው ሳያፈተልክ ለዓመታት ይኖራል። ከዚህ በላይ የመንግሥት አድናቂ ከየት ይመጣል?

ደግሞስ መንግሥት አይዋሽም ያለው ማን ነው? ይዋሻል። በማርች 11 ቀን 2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ በተጠመዱ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰው ሲሞት የስፔን መንግሥት ኢታ የተባለውን የባስክ ታጣቂ ቡድን ወነጀለ። ምርጫ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ፖሊስ የሚያገኘው ማስረጃ ግን ወደ ጂሃዳውያን ይጠቁም ነበር። ሕዝቡ ተናደደ፣ ገዢው ፓርቲ ተሸነፈ። በ1939 ደግሞ ናዚዎች ግላይቪትስ በተባለች ከተማ የራሳቸውን የሬዲዮ ጣቢያ አጥቅተው በፖላንድ አሳበቡ። በ1962 የአሜሪካ ጦር አዛዦች ጥቃት አስመስሎ ፈጽሞ በኩባ ማላከክን የሚያካትት ኖርዝዉድስ የተባለ ዕቅድ አቀረቡ፤ የኬኔዲ አስተዳደር አልተቀበለውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? መጠርጠር ደግ ነው። እነዚህን ያወቅናቸው ግን በሰነድ፣ በምስክርነትና በፍርድ ቤት ነው። ነቄ ሰነዱን አይወደውም፤ ርዕሱን ግን ይወደዋል። «በ1962 አስበው ነበር፣ ስለዚህ ዛሬ አድርገውታል» ይላል። ጎረቤቱ በወጣትነቱ አንድ ቀን ሰርቆ ከሆነ በዓለም ላይ የጠፋ ዕቃ ሁሉ እሱ ዘንድ ነው ማለት ነው።

በማድሪዱ ነገር ነቄ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? መንግሥት የዋሸው አንዴ በግልጽ ሲያዝ፣ ነቄ ከውሸቱ ጎን ቆመ። ኢታ አለበት የሚለው ወሬ በአንዳንድ ጋዜጦችና ፖለቲከኞች አፍ ለዓመታት ቀጠለ። በ2007 ፍርድ ቤቱ ጥፋተኞቹን ሲቀጣ የኢታ እጅ እንዳለበት አላረጋገጠም። ወሬው ግን አልሞተም።

ስህተትን ወደ ማስረጃ የመለወጥ ጥበቡንም ላድንቅ። በጁላይ 7 ቀን 2005 ለንደን ውስጥ 52 ሰዎች ተገደሉ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የመንግሥት ዘገባ አጥቂዎቹ ከሉተን ከተማ የተሳፈሩት በጠዋቱ የ7:40 ባቡር (በፈረንጅ ሰዓት) ነው አለ። ያ ባቡር ግን በዚያ ቀን ተሰርዟል። ነቄ አገኘው። ሊመሰገን ይገባዋል፤ የምሬን ነው። መንግሥት ስህተቱን አምኖ የተሳፈሩት በ7:25ቱ ነው ብሎ አረመ። እዚህ ላይ ተራ ሰው «ጎሽ፣ ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል። ነቄ ግን መታረሙንም መዘገበው። ሲሳሳቱ ሴራ ነው፤ ሲያርሙ መሸፋፈን ነው፤ ባይሳሳቱ ኖሮ ደግሞ «ይህን ያህል እንከን የለሽ የሆነው ለምን ይሆን?» ይባል ነበር።

እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ማመንም አያስጨንቀውም። በእንግሊዙ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ያወጡት ጥናት ስለ ቢን ላደን ጠይቆ ነበር። የአሜሪካ ወታደሮች ቤቱ ሲደርሱ ቀድሞውኑ ሞቶ ነበር የሚለውን ይበልጥ ያመኑ ሰዎች፣ አሁንም በሕይወት አለ የሚለውንም ይበልጥ ወደ ማመን ያዘነበሉ ሆነው ተገኙ። ዋናው ነገር «የሚደብቁት አለ» የሚለው ነው። ሰውየው መሞቱና መኖሩ ዝርዝር ጉዳይ ነው።

ለሐዘንተኞች ያለው ደግነት ግን ከሁሉም ይበልጣል። በኤፕሪል 2013 ቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ሬዲት በተባለ የኢንተርኔት መድረክ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኛ መርማሪዎች ቦርሳ ያነገተውን ሁሉ እየከበቡ ፎቶ ላይ ቀይ ክብ ሠሩ። ምንም የማያውቅ ወጣት ስሙ ዓለምን ዞረ። ቤተሰቡ ላይ ስድብ ዘነበ። በኋላ የሬዲት ኃላፊዎች ይቅርታ ጠየቁ። ነቄዎቹ ወደ ሌላ ጥቃት ተሻግረው ነበር።

በሜይ 2017 ደግሞ ማንቸስተር ውስጥ ከኮንሰርት ሲወጡ የነበሩ ሰዎች ላይ አጥፍቶ ጠፊ ቦምብ አፈንድቶ 22 ሰዎች ገደለ። አንድ ነቄ ነገሩ ተውኔት ነው አለ፤ የቆሰሉትም ተዋናዮች ናቸው። ለእውነት ካለው ጥማት የተነሳ ከአንዲት ተጎጂ ቤት አጠገብ ካሜራ እስከ ማስቀመጥ ደረሰ። መራመድ መቻል አለመቻሏን ማጣራት ነበረበታ! አስቡት፤ መንግሥት እንኳ እንዲህ አይከታተልም። ሁለት ተጎጂዎች ከሰሱት። በ2024 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጊቱ ትንኮሳ ነው ብሎ ፈረደና ለሁለቱ በድምሩ 45,000 ፓውንድ ካሳ እንዲከፍል ወሰነ።

ያ ሶፋው ላይ ጋደም ያለው ወዳጃችን የካሳውን ዜና ሲያነብ ዓይኑ በራ። ወዲያው ጻፈ፦ «ተከፍሏቸዋል አላልኩም?...»