የእንግዳው ምስል፣ የሰዓሊው ዕዳ

ደሴዎች፣ ኮምቦልቻዎች፣ ወልድያዎች፣ ይችን ነገር ዛሬ ሳልናገራችሁ አላልፍም።

የተመድ ዋና ጸሐፊ ይሁን የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር፣ ትልቅ እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር ኮሚቴ ይዋቀራል። ጋቢው ተሰጥቷል፣ የላሊበላ መስቀሉም ተሰጥቷል። ስለዚህ «ምስሉን እናሥልለት» ይባላል። ሐሳቡስ ጥሩ ነበር። ነውሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለሰዓሊው የምትሰጡት በቴሌግራም ተልኮ የደበዘዘ አንድ ፎቶ ነው። የዓይኑ ቀለም አይለይ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅ። ቀነ ገደቡ ዓርብ። ቀብድ የለም። «አብሽር፣ የገንዘቡ ነገር አያሳስብህ» ትሉታላችሁ፤ ኋላ ስልክ የሚያነሳ ይጠፋል።

ደግሞ አራሚው ብዛቱ! አንዱ «ትንሽ ቀላ አድርገው» ይላል። ሌላው «ሽበቱን ቀንስለት» ይላል። ሦስተኛው፣ ይኼን ጉድ ስሙኝ፣ የራሱን አለቃ ከእንግዳው ጎን እንዲያስገባለት ይጠይቃል። ሰውየው ዕድሜውን በድርድር የጨረሰ ዲፕሎማት ነው። የግንባሩን መስመር ካጠፋችሁበት የማንን ፊት ልትሰጡት ነው?

የዘይት ቀለም ችኮላ አያውቅም። ላዩ እንኳ እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፤ ወፈር ተደርጎ ከተቀባማ ሳምንታት። እናንተ ግን በማግስቱ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ መኪና ላይ ትጭኑታላችሁ። ሲፈታ የእንግዳው ግማሽ ጉንጭ ፕላስቲኩ ላይ ቀርቷል። ወቀሳው ለማን? ለሰዓሊው! ከቸኮላችሁ በአክሪሊክ አሠሩት፣ እሱ ቶሎ ይደርቃል።

ምስል ማሣል ለወሎ አዲስ ነገር አይደለም እኮ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሰጡት ወንጌል ውስጥ የራሳቸው ምስል አለ። ከ700 ዓመት በላይ አልፎት ዛሬም ይታያል። ወደ አዲስ አበባም ብትሄዱ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕል አለ። ስንት መሪና ስንት ዲፕሎማት በሥሩ አልፏል፤ እኛ ግን ዛሬም የምንጠራው በአፈወርቅ ተክሌ ስም ነው። የእናንተ ሰዓሊ ፊርማ ያለው ታችኛው ጥግ ላይ ነው። እሱኑም «በኮሚቴው የተበረከተ» በሚል ጽሑፍ ትሸፍኑበታላችሁ።

ሐዲሱ የሠራተኛውን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጡት ይላል። ኦሪቱም ደመወዙ እናንተ ዘንድ አይደር ይላል። ሁለቱንም በአንድ ግቢ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ነን፣ አላወቅንም ማለት አንችልም። ያለባችሁን ዕዳ በዚህ ሳምንት ክፈሉ። ለሚቀጥለው ሥራ ግማሹን ቅድሚያ ስጡ፣ ፎቶውን ከእንግዳው ጽሕፈት ቤት በጥራት ጠይቁ፣ የሥዕሉን ነገር ለባለሙያው ተዉት። ምስሉ የሚገለጥ ቀንም ሰዓሊውን ጥሩት። ለአጃቢው ሁሉ የተገኘ ወንበር ለእሱ አይጠፋም።