ላልጫናችሁትና ላላወረዳችሁት፣ ለተከበራችሁ የሰፈራችን ጫኝና አውራጆች

ሰላም ለናንተ ይሁን ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ወገባችሁስ ተሻለው? ቅዳሜ ጠዋት የኔን ቁምሳጥን ቆማችሁ ስታዩት እንዴት እንደደከማችሁ አይቼ ሆዴ ባባ፣ ለዛ ነው የምጽፍላችሁ።

እኔን ለማታውቁኝ አንባቢዎች (ጅማ ውስጥ ያላችሁት እለፉት፣ እናንተም ከፍላችኋል) ባሌ የሞተብኝ፣ ልጆቼ ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ ሴት ነኝ። የድሮው ቤት ኪራይ ከበደኝ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ከኪራዩ በላይ የከበዱኝ እዛ ሰፈር ያሉት ጓዶቻችሁ ናቸው፣ ሽንኩርት በጆንያ ባመጣ እንኳን በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኝ ነበር። ከነሱ ለማምለጥ አነስ ያለች ቤት ፈለግኩ። ደላላው ከኔም ከአከራይዋም ኮሚሽኑን በላ፣ እሱን ተዉት፣ ቢያንስ ቤቱን አሳይቶኛል።

እና እንዴት እንዳመለጥኩ ልንገራችሁ። አይሱዙ በሚስጥር ተከራየሁ፣ የእህቴን ልጅና የግቢ ጓደኞቹን ጠራሁ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስተን በሹክሹክታ ጫንን። ድስቶቹ እንዳይንኳኩ አንድ በአንድ በፎጣ ጠቅልያለሁ። ሹፌሩን መብራት እንዳታበራ ብዬ ለምኜዋለሁ፣ ሰውዬው ምን ሰርቃ ነው ብሎ ሳይጠረጥረኝ አይቀርም፣ የሰረቅኩት የራሴን ፍሪጅ ነው። ማንም አልነቃም። የአዌቱን ወንዝ ተሻግረን ጎህ ሲቀድ ጋቢና ውስጥ ሆኜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

አዲሱ ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ አገኘኋችሁ።

አለቃችሁ ተነስቶ በፈገግታ መጣና "ሃዳ ኮ፣ እናቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ ቆየሽብንኮ" አለኝ። ከዛ ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፣ ባለሦስት በር ቁምሳጥን፣ ሶፋ ከነጠረጴዛው፣ ፍሪጅ፣ ሁለት አልጋ፣ ቡፌ። "ተሳሳትኩ እንዴ?" አልተሳሳተም። ቡፌውን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ለካ የዛኛው ሰፈር ልጆች አስቀድመው ደውለውላችኋል። እኔኮ እህቴ ጋ ለመደወል ጣሪያ ላይ ልወጣ ምንም የማይቀረኝ ሰው ነኝ፣ እናንተ ግን በሌሊት የእቃ ዝርዝር ትላላካላችሁ። ይሄ ቅንጅት መብራትና ውሃ ላይ ቢኖር የት በደረስን።

ስድስት ሺህ ብር አላችሁ። የራሴ ሰዎች አሉኝ አልኩ። "ችግር የለም፣ ያውርዱ፣ ክፍያው ግን ያው ነው።" ላላወረዳችሁት? "ማዘር፣ ሰፈር የራሱ አሰራር አለው።" ይሄን ሲል እንደ ባንክ ሰራተኛ ነው የረጋው። ሹፌሩን አየሁት፣ ሹፌሩ ሰማዩን አየ። ምን ያድርግ፣ ነገም እዚሁ ሰፈር ጭነት አለው። አንዱ ስፖንዳውን ተደግፎ ቆመ እንዳይከፈት፣ ሌላው መኪናው ላይ ወጥቶ ሶፋዬ ላይ ጋለል አለና ጫቱን ፈታ፣ ሶፋዬን ከልጆቼ በቀር ማንም ጋለል ብሎበት አያውቅም፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው ጨርቁ የሚነሳለት። እኔ ቆሜ መጠበቅ ሲያቅተኝ ከእናቴ የወረስኳትን በርጩማ ከጋቢና አውርጄ ተቀመጥኩ፣ ታውቋታላችሁ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ። አለቃችሁ አያትና "እሷን አንቆጥራትም" አለኝ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።

ከዛ ዝናቡ መጣ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ አያስጠነቅቅም፣ እናንተም ደግሞ እሱን ነበር የምትጠብቁት። ፍራሹን የምሸፍንበት ሰፊ ላስቲክ ገዝቼ ነበር፣ ሶፋዬ ላይ ያለው ልጅ ላስቲኩን ጎተተና ራሱ ላይ አደረገው፣ ከነጫቱ። ፍራሼ እያየሁት ረጠበ። አዲሶቹ ጎረቤቶቼ ጥላ ይዘው ወጡ፣ ገና ስሜን አያውቁም፣ ቡና ጠጡ ብዬ አልጠራኋቸውም፣ መጀመሪያ ያዩኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በዝናብ ስደበደብና ከልጄ ከሚያንስ ጎረምሳ ጋ ስለ ብር ስጨቃጨቅ ነው። በዛ ሁሉ ሰው ፊት አለቃችሁ ድምጹን ከፍ አድርጎ ደግነቱን አሳየ። "ባልሽ ማረፉን ሰምተናል፣ ነፍስ ይማር፣ አንቺን ብለን አምስት ሺህ አድርገንልሻል።"

ባለቤቴ ሞቱ አንድ ሺህ ብር እንደሚያስቀንስ ሳያውቅ ነው ያለፈው።

ከፈልኩ። ጥሬ ብር የለኝም ስል ገና ቃሉን ሳልጨርስ አካውንት ቁጥር ተላከልኝ። ደረሰኝም ቆረጣችሁልኝ፣ "ለአገልግሎት" ይላል፣ ማህተሙ ቀለሙ አልቆበት ክቡ ብቻ ይታያል፣ ፊርማው ደግሞ ዶሮ የሄደችበት ነው። ከዛ እናንተ ወደ ጥግ፣ የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ ወደ ስፖንዳው። ውስጥ ውስጡን የምወደው አንድ ልጅ ግን ከመሃላችሁ አለ፣ ያ ቀጭኑ፣ ሰማያዊ ገዋን የለበሰው፣ ልጆቹ የረጠበ ፍራሽ ከብዷቸው ሲንገዳገዱ አላስችለው ብሎ አንዱን ጫፍ ያዘ። አለቃችሁ ከጥግ ሆኖ ጮኸበት። "ተው አንተ፣ ዋጋ ታበላሻለህ!" ልጁ ለቀቀው። ፍራሹ ጭቃው ላይ ወደቀ።

አሮጌ ቂሜን አልዘረዝርም፣ ሁላችሁም የራሳችሁ አላችሁ። ጎረቤቴ አሸዋ በገልባጭ አስመጥታ፣ መኪናው ራሱ ቀና ብሎ ገልብጦት፣ የማውረጃ ከፍላለች። በቃ።

አንዷን ግን አልዘላትም። ባለቤቴ ያረፈ ቀን የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ በጋሪ መጣ። እሱ ገና ውስጥ ነው፣ አልወጣም። እኔ መሬት ተቀምጬ፣ ደጅ ጭቅጭቅ እሰማለሁ፣ ካልተከፈለ ድንኳን አይወርድም ይላሉ የዛኛው ሰፈር ልጆች። የእድራችን ዳኛ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ፣ ለኔ ማንም እንዳይነግረኝም ተማማሉ። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ያሰማል። ይሄን በሽሙጥ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ነውር ነው። ሬሳ ባለበት ቤት ደጅ ላይ እጅ መዘርጋት ነውር ነው፣ ከየትኛውም ሃይማኖት ብትሆኑ፣ እናታችሁ የትኛዋም ብትሆን።

እሺ፣ ወደ ጨዋታችን። አቤት ልል ሄጄ ነበር፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ወረፋውን ታውቁታላችሁ። ሰውዬው ማንም የራሱን እቃ ራሱ ማውረድ ይችላል አለኝ፣ ደስ አለኝ። ተገድጄ መክፈሌን የሚያሳይ ማስረጃ አምጪ አለኝ፣ ደረሰኙን ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና "ይሄማ በስምምነት ከፍለሽ ደረሰኝ ተቀብለሻል" አለኝ። ደረሰኝ ባይሰጡኝስ? "ያኔ ማስረጃ የለሽም።" ወጣሁ።

የእህቴ ልጅ ነው "አክስቴ፣ ይሄ ነገር በሌላ ሀገር ስም አለው" ብሎ ስልኩን ያሳየኝ። ጣሊያን ሀገር፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ፣ ፓሌርሞ የሚባል ከተማ አለ፣ ነጋዴው ለማፊያ ፒትሶ የሚሉትን ገንዘብ ይገብራል፣ እንዳይነካ። ሊቤሮ ግራሲ የሚባል የልብስ ፋብሪካ የነበረው ሰው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1991 "ውድ ቀማኛ" ብሎ ጋዜጣ ላይ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈላቸው፣ አልከፍልም አለ። እኔኮ በዚህ አይነት ደብዳቤ የመጀመሪያዋ እሆናለሁ ብዬ ነበር። በዛው ዓመት ኦገስት 29 ቤቱ አጠገብ ተኩሰው ገደሉት፣ ሚስቱ ፒና ማይሳኖ ግን ባሌን በልተዋል ብላ ቤቷ አልተከተተችም፣ እድሜዋን ሙሉ ስትናገር ኖረች። ከዛ እ.ኤ.አ. 2004 ላይ ወጣቶች በሌሊት ተነስተው ፒትሶ የሚከፍል ሕዝብ ክብር የሌለው ሕዝብ ነው የሚል ወረቀት በየግድግዳው ለጥፈው አደሩ፣ የማይከፍሉ ሱቆችም ቀስ በቀስ ስማቸውን አስመዝግበው አብረው ቆሙ። ይሄን ሳነብ ስለ ሴትየዋ ነው ያሰብኩት፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ደጇ ላይ ማን ምን ሲል ሰምታ ይሆን።

እናንተን ከማፊያ ጋ አላወዳድርም፣ እናንተ ሰው አትገድሉም፣ ተመስገን። ግን እነሱ ቢያንስ ሱቁን እንጠብቅልሃለን ብለው ይዋሻሉ፣ እናንተ ለውሸቱ እንኳን ሰነፋችሁ።

ስራ እንደሌለ አውቃለሁ። ሕርማታ ገበያ ላይ ኩንታል ቡና ተሸክሞ ሽቅብ የሚሮጥ ልጅ አይቻለሁ፣ አንገቱ ላይ ያለው ጠባሳ ይታያል፣ ያ ልጅ የጠራውን ብር ቢጠራ ሳልከራከር እሰጠዋለሁ፣ ውሃም እጨምርለታለሁ። ቁምሳጥኔን ብታወርዱልኝ ኖሮ አምስት ሺህ ውድ ነው ብዬ አጉረምርሜ እከፍል ነበር፣ ቡናም ትጠጡ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ እንዳትነኩኝ መክፈሌ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሜን አስቀድሜ ላሳውቃችሁ፣ ደዋዮቻችሁን ላለማድከም። ሐሙስ ከገበያ አንድ ጆንያ ከሰል በባጃጅ አመጣለሁ። ራሴ ነኝ የማወርደው። ጎረቤቶቼ አሁን ስሜን አውቀዋል፣ ቡናም ጠጥተዋል፣ ያን ቀን ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ደጅ ይወጣሉ። የምታስከፍሉኝ ከሆነ ደረሰኙን እቀበላለሁ፣ ግን ላዩ ላይ "ላላወረድነው ከሰል" ብላችሁ ጻፉበት፣ ፊርማውም ይቅር፣ ሙሉ ስማችሁን እስከነአያታችሁ አስፍሩት።

እና ያ ቀጭኑ ልጅ ለብቻው ይምጣ። ቡፌዬን ከሳሎን ወደ ጓዳ የሚያዞርልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ በዋጋው እንነጋገራለን።