ለክረምት አራስ ጠያቂዎች የቀረበ ምስጋና

ክረምቱ ገባ፤ አራስ ጥየቃውም ደራ። ሰሞኑን አንድ የሐምሌ አራስ ቤት ተቀምጬ ያየሁትን ካየሁ በኋላ፣ እነዚህ ባለውለታዎች እስካሁን አንድም ሜዳልያ አለመሸለማቸው አንገበገበኝ።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። በየሰፈሩ አሉ። ጉንፋን ሲይዛቸው ከሥራ ይቀራሉ፤ ከዕድር ይቀራሉ። ከአራስ ቤት ግን? በፍጹም! ዶፉን ጥሰው፣ ጭቃውን ረግጠው፣ ታክሲ ተጋፍተው ይደርሳሉ። አፍንጫቸውን በሶፍት ይዘው «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ይላሉ።

የኔ ጀግና ግን አንዲት ሴትዮ ናቸው። ሳላቸው ቀድሟቸው ገባ። «ጉንፋን ያዘዎት እንዴ?» ሲባሉ፣ «ኧረ አለርጂ ነው» አሉ። የረጠበ ነጠላቸውን እንኳ ሳያራግፉ ወደ ሕፃኑ አመሩ። ተኝቷል። እንግዳ መጥቶ መተኛት ነውር ነውና ቀሰቀሱት። ጉንጩን ሳሙ። ግንባሩን ሳሙ። ያስነጠሱበትን እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጓቸው፤ እሱም እንደ ሕፃን ወጉ ጣቶቹን ወደ አፉ ወሰደ። ይኼ አልበቃ ብሏቸው አፉን ሳሙ። በመጨረሻም ዓይን እንዳይበላው «እትፍ! እትፍ!» ብለው መረቁት። ምርቃቱ ደረቅ አልነበረም።

ከዚያ አስነጠሱ። ቤቱ በሙሉ «ይማርዎት!» አለ። ለሕፃኑ ያዘነለት የለም።

ቀጥሎ ቁጥጥሩ መጣ። «ይሄ ልጅ በርዶታል!» በብርድ ልብሱ ላይ ሌላ ብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ ጋቢ። ልጁ ቀልቶ ላብ ሲያወጣ «አያችሁ፣ ሞቀው!» ተባለ። ምች እንዳይገባ መስኮቱ ተዘጋ። ከሰሉ ገባ፣ እጣኑ ጨሰ፣ ቡናው ተቆላ። እኛ ትልልቆቹ ዓይናችንን እያሸን «ቤቱ ሞቅ አለ» ተባባልን። ጭሱ መውጫ አጥቶ ጣሪያ ስር ተንሳፈፈ። ሴትዮዋ ግን ገና ነበሩ። «ቅቤ አላሳችሁትም? ውሃስ? በዚህ ሁሉ ሙቀት ጉሮሮው ይደርቃል እኮ!» እናትየው ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ነው ያሉኝ» አለች። ተሳቀባት። «እኛ ሁሉን በቅቤ ነው ያሳደግነው፤ ምን ሆኑ?» ምንም አልሆኑም። የሆኑት ደግሞ ለመመስከር አልመጡም።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን ላቋርጥ። ኧረ በማርያም! የትክትክ ክትባት የሚጀመረው ልጁ 6 ሳምንት ሲሞላው ነው። እስከዚያ ከሚያስል ሰው ማራቅ እንጂ ሌላ ምን ጋሻ አለው? እናንተን ሁለት ቀን የሚያስነጥስ ጉንፋን ለእሱ የሳምባ ምች ሊሆን ይችላል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ጡት እምቢ ሲል፣ በዚያ ዝናብ ሌሊት መኪና ፍለጋ የምትንከራተተው ያቺው አራስ ናት። እናንተ ያኔ ተኝታችኋል። ካመማችሁ ስልክ የለም? ልጁ የትም አይሄድ! ሳምንት ቆይታችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ብትመጡ ምን ይቀርባችኋል?

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ይሉኝታችንን ጠንቅቀው ማወቃቸውም ሊወደስ ይገባል። «እጅዎን ይታጠቡልኝ» ያለች አራስ በማግስቱ «ፈረንጅ ሆነች» ተብላ ሰፈሩን ታዳርሳለች። «አይሳሙት» ያለችማ በቃ፣ «ልጇን ከሰው አስበለጠች» ነው። ባልየውም ቢሆን በር ላይ ቆሞ ከመከልከል ሐኪም ቤት ካርድ ማውጣት ይቀለዋል።

ልጁ በአራተኛው ቀን ማሳል ጀመረ። ሐኪም ቤት ተኛ። ሴትዮዋ ወሬውን ሲሰሙ አለቀሱ፤ «ዓይን ነው! ማን ይሆን የበላው?» እያሉ ጠያቂዎቹን በሙሉ በየተራ ጠረጠሩ። ከዚያ አጥሚታቸውን በፔርሙስ ይዘው፣ እያሳሉ፣ ሊጠይቁት ሄዱ። ጥበቃው «ሕፃናት ክፍል መግባት አይቻልም» ቢላቸው ተቆጡ።

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ? መጀመሪያ የሳምኩት እኮ እኔ ነኝ!»