ማንም ያላጸደቀው ግብር

ዋጋ በናረ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ነጋዴው ላይ ነው። ዕቃ የሚደብቅ ነጋዴ መኖሩን አልክድም። ግን ስግብግብነት ድሮም ነበር። ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲወደድ የገንዘቡንም መጠን መጠየቅ አለብን።

«ገንዘብ ታተመ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሌት ተቀን የሚሠራ ማሽን ነው። ሥራው ግን ድምፅ የለውም። መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ከሕዝብ ቁጠባ ተበድሮ ከሞላ፣ ገንዘቡ ኪስ ቀየረ እንጂ አልበዛም። ከማዕከላዊ ባንክ ሲበደር ግን ባንኩ የዕዳ ሰነድ ተቀብሎ በመንግሥት ሒሳብ ላይ ቁጥር ይመዘግባል፤ ትናንት ያልነበረ ገንዘብ ተፈጠረ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚደርሰው ለሥራ ተቋራጩ ነው። እሱ ብረቱንና ሲሚንቶውን በድሮው ዋጋ ይገዛል። ገንዘቡ ከእጅ እጅ ዞሮ የጡረተኛው አበል እስኪስተካከል ድረስ ገበያው ቀድሞ ሄዷል።

ጀርመን ይህን በከፋ መልኩ አይታዋለች። በጥር 1923 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይና ቤልጂየም የሩርን የኢንዱስትሪ አካባቢ ሲይዙ ሠራተኛው በተቃውሞ ሥራ አቆመ፤ መንግሥትም ደመወዙን እያተመ ከፈለው። ምርቱ ቆሞ ክፍያው ቀጠለ። ኅዳር ላይ 1 ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ገባ። ሠራተኛው ደመወዙን በየቀኑ እየተቀበለ፣ ዋጋው ሳይቀየር ያገኘውን ለመግዛት ይሮጥ ነበር።

ይህ ማለት ግን የተፈጠረ ገንዘብ ሁሉ ዋጋ ያንራል ማለት አይደለም። ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም የፋይናንስ ቀውስ በኋላ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሀብት መዝገብ (ገንዘብ እየፈጠረ የገዛቸው ሰነዶች የሚመዘገቡበት) ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በታች ተነሥቶ 4.5 ትሪሊዮን ገደማ ሲደርስ የዋጋ ንረቱ ዝቅተኛ ነበር። ገንዘቡ በአብዛኛው በባንኮች ተቀማጭነት ተኝቶ ነበር፤ ሥራ ፈት ሰውና ፋብሪካም ሞልቶ ነበር። በ2020 እና 2021 ግን የኮሮና ወረርሽኝ ድጎማ በቀጥታ ቤተሰቦች እጅ ገባ፣ የዕቃ አቅርቦቱም ተስተጓጉሎ ነበር። የዩክሬን ጦርነት ነዳጁን ሲያስወድደው ደግሞ ባሰ፤ ሰኔ 2022 ላይ የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ደረሰ። እንግዲህ ወሳኙ ገንዘቡ የማን እጅ ገባ፣ የሚገዛው ዕቃስ አለ ወይ የሚለው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ግብር ለመጨመር አዋጅ ያስፈልጋል፤ ፓርላማ ይከራከርበታል፣ ዜጋው ይቃወማል። በዋጋ ንረት በኩል የሚሰበሰበውን ግን ማንም እጁን አውጥቶ አላጸደቀውም። ሃያ ዓመት የቆጠበ ሰው ገንዘቡ ደብተሩ ላይ ሳይነካ ግማሹን ሊያጣ ይችላል። ተበዳሪ ግን ዕዳው ይቀልለታል፤ ከተበዳሪዎች ሁሉ ትልቁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሱ መንግሥት ነው። ንረቱን እንዲገታ የምንጠብቀው አካል ከንረቱ ተጠቃሚ ነው!

ትምህርት ቤት ይዘጋ፣ ሆስፒታል መድኃኒት ይጣ አላልኩም። መንግሥት ከማዕከላዊ ባንክ የሚበደረው በሕግ ጣሪያ ይኑረው፤ ከጣሪያው ለማለፍ የግድ ሲሆን ምክንያቱ ለፓርላማ ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበት፤ በየወሩ የተበደረው መጠንም ለሕዝብ ይገለጽ።